ጭንቅላቱ ሳሎን የገባው ዓሣ ነባሪ

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አልተጻፈም (በትምህርት ቤት «ምላጭ» ትባላለች)
ዕድሜ፦ 14
ሥራ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ አክስቷ ቤት
ቀን፦ ኅዳር 6፣ ከቀኑ 9፡20
ቃሏን ስትሰጥ አክስቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ስለ ዛሬው ግርግር የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በዚህ ሳምንት ሁሉም መምህራን በየትምህርታቸው ስለ ውቅያኖስ እንዲያስተምሩን ተወስኖ ነበር። የሳይንስ መምህርቷ ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም፣ ግልገሉን የሚያጠባ እንስሳ ነው አሉን። ቀጥለው የገቡት የቋንቋ መምህር «ስሙ ራሱ ዓሣ እያለ እንዴት አይደለም ይባላል?» ብለው ተቆጡ። የስፖርት መምህሩ ውሃ ስለሌለ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳችን አስተኝተው አስዋኙን። እስከዚህ ድረስ ፖሊስ የጠራ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የሒሳብ መምህሩ ትልቁ ዓሣ ነባሪ ሠላሳ ሜትር እንደሚደርስ ነግረውን፣ ሜዳ ላይ እንድንለካው ሜትር፣ ኖራና ችካል አስይዘው አወጡን። ከባንዲራው ምሰሶ እስከ ዋናው በር ያለው 21 ሜትር ብቻ ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በዚያ ሲያልፉ፣ መምህሩ በሩን አልፈን መንገዱን ብናቋርጥ ይፈቅዱልን እንደሆነ ጠየቋቸው። ምክትሉም «ለኩ፣ ለኩ፤ ብቻ በጓሮ በኩል እንዳትሄዱ፣ ሣሬን ትረግጡብኛላችሁ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ስለ ልኬቱ አላውቅም ማለታቸው ተነግሮኛል። ስለ ሣሩም ይጠየቁልኝ።

መንገዱ አምስት ሜትር ስለሆነ፣ 26 ሜትር ላይ የጡረተኛው ጎረቤት አጥር ጋ ደረስን። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ከምሰሶው ሥር ሆነው «እዚያ ይብቃን፤ ቀሪውን አራት ሜትር በሐሳባችን እንሞላዋለን» ብለው ጮሁ። እኔም አጥሩ ሥር ችካል ተክዬ ዙሪያውን ኖራ ነሰነስኩ።

ጡረተኛው በአጥሩ ቀዳዳ ያዩኝ ነበር። የሚታየኝ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው።

«አንቺ! ምንድን ነው የምትለኪው?»

«ዓሣ ነባሪ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን ነባሪ! ነባሩ እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት የኖርኩበት ነው!»

«ጅራቱ እኛ ጋ ነው። ጭንቅላቱ ግን እርስዎ ሳሎን ይገባል።»

«ማን ፈቅዶ?»

እዚህ ላይ ሳቄ ስላመለጠኝ «ሰኞ ይመጣል፤ ዕቃዎን ቢያወጡ ይሻላል» አልኳቸው። ዓይኑ ከቀዳዳው ጠፋ።

ወዲያው የቤታቸውን ካርታ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው በነጠላ ጫማ ወጡና ችካሉን ነቀሉት። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ትቶ መጣ። ልብስ ሰፊዋ «ከእኔስ ስንት ሜትር ወሰዱ?» ብለው በእርምጃ ይለኩ ጀመር። አንዱም «ልጆችን የላኩት እኮ እንዳይጠረጠሩ ነው» ሲል ሁሉም እኔን አዩኝ። መምህሩ እየሮጡ መጥተው «ዓሣ ነባሪ ነው፣ እመኑኝ!» ባሉ ቁጥር የሚያምናቸው እየቀነሰ ሄደ። ምክትሉ በመስኮት እያዩ ነበር፤ ፖሊስ ሲደርስ መጋረጃው ተዘጋ። መምህሩ ከነኖራቸው ተወሰዱ። ጡረተኛው ካርታቸውን ለፖሊሱ ዘርግተው «አርባ ዓመት» ሲሉ ስሰማ ግን ሳቄ ቆመ።

ጡረተኛው «መምህሩ ልጅቷን ልኮ ውጣ አስባለኝ» ብለው መክሰሳቸው ተነግሮኛል። ስለዚህ ጉዳይ ተጠይቄ፣ ማንም እንዳልላከኝ፣ መምህሩም ሃያ ስድስት ሜትር ርቀው ስለነበር የተናገርኩትን እንዳልሰሙ መልሻለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ አክስቴ «ጌታዬ፣ ያቺን የሰኞዋን ነገር ያውጡልን፤ ልጅ ናት፣ ከትምህርት ቤት ያባርሩብኛል» ብለው ለመኑ። እኔ ግን ያቺ ነገር ከወጣች መምህሩ ይታሰራሉ ብዬ እንዳትወጣ ጠይቄያለሁ።

ከላይ ከሰፈረው ውስጥ ውሸቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ ይመጣል ያልኩት ነው፤ የተናገርኩትም እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ________
የአክስት ፊርማ ________ («እያዘንኩ ነው የፈረምኩት» ብለዋል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ________