ያላመመው እግር

እሁድ ጠዋት እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ወደ ካዛንቺስ ሳዘግም፣ እንደኔው አስቀድሰው የሚመለሱትን ጎረቤቴን አቶ ገብረጻድቃንን አገኘኋቸው። ከወንድማቸው ልጅ ከዳናይት ጋር መንገድ ዳር ቆመው ይከራከራሉ። እሳቸው ስኳር ያለባቸው ጡረተኛ ናቸው፤ እሷ ምሕንድስና ከጨረሰች ገና ዓመቷ ነው።

«እስቲ መዝገቡ፣ አንተ ፍረድ» አሉኝ። «ግራ ጫማዬ ውስጥ የሆነ ስስ ነገር ሠርታ አንጥፋልኝ፣ እሱ ለስልኳ እያሳበቀ መንገድ አላስኬድ አለችኝ።»

«ጋሼ፣ ንጣፉ ተረከዝዎ ላይ ያልተለመደ ጫና አለ እያለ ነው። በቃ፣ አንዴ ያውልቁትና እንየው።»

«በአደባባይ ጫማ ላውልቅ? ደግሞስ ባትሪ ረግጬ ስሄድ ዝናብ ቢመታኝ ኤሌክትሪክ አይዘኝም?»

«ንጣፉ እኮ ባትሪ የለውም። የቡታጋዝ መለኮሻ ሲጫኑት ብልጭ ይል የለ? ማለቴ፣ ይሄም ሲረግጡት ከራስዎ ክብደት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያወጣል። ጫናው ሲበዛ ምልክቱም ይበዛል፤ ጫማዎ ጎን ያለችው ትንሽ ዕቃ ወደ ስልኬ ትልከዋለች።»

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ከሽማግሌው ጎን ነበርኩ። የተማረ ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ ይወዳል የሚል ካለ እኔን አያውቀኝም።

«እግሬ ድኗል» አሉ አቶ ገብረጻድቃን። «ስንት ዓመት ሲያቃጥለኝ ኖሮ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ምንም አይሰማኝም። አምላኬን አመስግኜ በተቀመጥኩበት ሕመም ፈልግ ትይኛለሽ?»

ዳናይት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የጠፋው ስሜቱ ቢሆንስ? ስኳር እግር ያደነዝዛል። ቁስል ከወጣበት እግሩን ላናተርፈው እንችላለን ያሉትን ሐኪም ረሷቸው? ከተሳሳትኩ ንጣፉን አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ ሁለተኛም አልጨቀጭቅዎትም።»

ይህ ውል ደስ አሰኛቸው። ትከሻዬን ተደግፈው ጫማቸውን አወለቁ። ስለታም ጠጠር ዱብ አለ፤ ጫማውን ደጀ ሰላም ትተው ሲያስቀድሱ የገባ መሆን አለበት። የነጭ ካልሲያቸው ተረከዝ በደም ርሷል።

አቶ ገብረጻድቃን ጠጠሩን አንስተው አዩት። «ይህን ረግጬ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት?» አሉ። አሳዘኑኝ፤ በራሴም አፈርኩ። እኛ ጠጠር ሲወጋን ጫማችንን አራግፈን እንሄዳለን፤ እሳቸው ያ ጸጋ ተወስዶባቸዋል። እንግዲህ በደነዘዘው እግር ፈንታ የሚናገር ነገር ከተገኘ ቁስሉ ሳይከፋ ይታያል፣ ሐኪም ዘንድ በጊዜ ይደረሳል፣ ሰውም እስከ መጨረሻው በገዛ እግሩ ቤተ ክርስቲያን ይስማል።

ታክሲ ይዘን ወደ ክሊኒክ ስንሄድ አቶ ገብረጻድቃን ጎንበስ ብለው ቀኝ ጫማቸውንም አወለቁና ለዳናይት ሰጧት።

«ምነው ጋሼ፣ ይሄኛውንም አመመዎት?»

«አላውቅም» አሉ። «ለዚህም ንጣፍ ሥሪለት።»