የሳኒ ሞተር ማርሚታ እና ያልታሰረው የክላክስ ሽቦ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሩ ስም፦ ቸሩ አበጀ
ዕድሜ፦ 52 ዓመት
ሥራ፦ የሞተር ብስክሌት ጥገናና ብየዳ
አድራሻ፦ አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን፣ ከዳቦ መጋገሪያው ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ቅዳሜ መጋቢት 16 ቀን 1996 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10
ጉዳዩ፦ ሐሙስ መጋቢት 14 ቀን በአቶ ተክለጻድቅ ላይ የደረሰ የሞተር ብስክሌት አደጋ
ማስታወሻ፦ ምስክሩ ቃሉን የሰጠው በአማርኛ ነው። ቀኝ ጆሮው ስለማይሰማ ጥያቄዎቹ በግራ በኩል ቀርበውለታል።

ዛሬ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ሐሙስ ዕለት አደጋው በደረሰበት ቦታ ለትራፊክ ፖሊሱ የሰጠሁት መልስ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ የመጣሁት እሷን ለማረም ነው። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ወረቀት መፍጀት አልፈለግሁም ነበር፤ መርማሪው ግን ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ስላዘዙኝ ከሥሩ እጀምራለሁ።

ተጠርጣሪውን ሳኒ ዑበይዳን ዳቦ በሞተር እየዞረ ሲያድል ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ዝምድናም ጠብም የለንም። ሞተሩ ጣሊያን ሠራሽ ሲሆን በዕድሜ ሳኒን ይበልጠዋል። አሰብ ላይ ጨው የማይበላው ብረት ስለሌለ ማርሚታው፣ ማለትም ጢሱ የሚወጣበት ቧንቧ፣ አንገቱና ወገቡ ላይ ተበስቶ ከሦስት ዓመት በላይ እንደ መትረየስ ሲንጣጣ ኖሯል። ሰዉ ለምዶታል። ሴቶቹ ድምፁን ሲሰሙ ሰሃን ይዘው በር ላይ ይወጣሉ። ለጭነት መኪና የማይነሱ ፍየሎች እንኳ ለሳኒ ሞተር መንገድ ይለቁ ነበር።

ተጎጂው አቶ ተክለጻድቅ የ66 ዓመት ሰው ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው አያዩም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በወደቡ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ቤታቸው ከእኔ ጋራዥ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። በየጠዋቱ መንገዱን ብቻቸውን ይሻገራሉ፤ እጅዎን ልያዝ ያለ ሰው ይሰደባል። የሚሻገሩበት ዘዴ አላቸው። የሳኒ ሞተር አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ያልፋል፤ እሱ ካለፈ በኋላ መንገዱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ባዶ ነው። ስለዚህ በራቸው ላይ ቆመው ሞተሩን ይጠብቁና ሲያልፍ ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ እኔ ጋ በርሜል ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ምን ይሠራሉ ተብዬ ስጠየቅ፣ ይሰማሉ ብዬ መልሻለሁ። እኔ ወደብ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ቀኝ ጆሮዬ ሄዷል፤ ግራውም እንደ ነገሩ ነው። ሞተር ምን እንደሚያመው የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳኒ፣ “እናንተ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ መካኒክ ናችሁ” እያለ ይቀልድብናል።

ማክሰኞ መጋቢት 12 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሳኒ ሞተሩን ይዞ መጣ። ባለቤቱ አሊማ ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። “ጋሽ ቸሩ፣ ሞተሩን ባስነሳሁ ቁጥር ልጁ ይባንናል። አሊማ ወይ ሞተሩን ወይ እኔን ከቤት ልታስወጣ ነው” አለኝ። አቶ ተክለጻድቅም ከበርሜሉ ላይ ሆነው፣ “እንግዲያስ ፈጠን በል ቸሩ፤ ሞተሩን ነው የምታስቀረው፣ እሱ እንኳ ዳቦ ያመጣል” አሉ።

ሞተሩን አስነስቼ የማርሚታውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ደፈንሁት፤ እንዲህ ሲደረግ ጢሱ በቀዳዳዎቹ ያፏጫል። አቶ ተክለጻድቅ ተጠግተው አዳመጡና፣ “አንገቱ ላይ አንድ፣ ወገቡ ላይ አንድ። ከወገቡ በታች ደግሞ አንዲት ቀጭን አለች፤ እሷን አታያትም” አሉ። እውነትም አላየኋትም። ሞተሩ ሲበርድ ማርሚታውን ፈትቼ፣ ጫፉን እንደ ደፈንሁ በአንገቱ በኩል በአፌ ነፍቼ የሳሙና ውሃ ብቀባው ካሉት ቦታ ላይ አረፋ ኩፍ አለ። ጢሱ እንዳያፈስ የሚያሽገው የአንገቱ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ አልቆ ስለነበር ከመዳብ ቧንቧ አዲስ ቀለበት ቆርጬ፣ አግዬ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ ካለሰለስሁት በኋላ ገጠምሁት። ወገቡን በዘይት ቆርቆሮ ጠቅልዬ በሁለት ማሰሪያ አጠበቅሁት። ቀጭኗን በየድኋት። ክላክሱ ከአንገቱ ፊት ስለሆነ መፍቻ አላስገባ ብሎኝ አንዱን ሽቦ ነቅዬ ነበር። የጋለው ቧንቧ እንዳይነካው ከቤንዚን መያዣው፣ ከሰርባቶዮው፣ ሥር ወሸቅሁት። ሐሳቤ በመጨረሻ ላስረው ነበር፤ ረሳሁት።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሼ አስነሳሁት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነ። አቶ ተክለጻድቅ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ “አጠፋኸው እንዴ?” አሉኝ። እየሠራ ነው ስላቸው ፈገግ አሉ። እኔም በዚያ ሰዓት ኩራት ተሰምቶኝ እንደነበር ይመዝገብልኝ። ሳኒ ሊወጣ ሲል፣ “ክላክሱስ ደህና ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ “አንተ ደግሞ! ክላክስ ምን ያደርግልሃል? ሞተሩ ራሱ ክላክስ አይደል?” አልሁት። ሦስታችንም ሳቅን። ይህን ያልሁት ሞተሩን በገዛ እጄ ድምፅ አልባ ካደረግሁ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ሦስት ዓመት ስለው የኖርሁት ቀልድ ስለሆነ ምላሴ ሳያስፈቅደኝ ተናገረው። ሳኒም መልሱን ይሠራል እንደማለት ወስዶት ሄደ።

ረቡዕ ዕለት ሳኒ ክላክስ መንካት ልማዱ ስላልሆነ፣ ሴቶቹም መምጣቱን ስላልሰሙ ግማሹን ዳቦ መልሶ ይዞ ገባ። አቶ ተክለጻድቅ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተናደው መጡ። በራቸው ላይ ቆመው ሞተሩን ሲጠብቁ ቆይተዋል። እኔም፣ “ጋሽ ተክሌ፣ ካለፈ አርባ ደቂቃው እኮ ነው!” ብዬ ሳቅሁባቸው። “ከእንግዲህ አልጠብቀውም” አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልግ ነበር ተብዬ ስጠየቅ፣ ምልክቱን አይቼ ሳቅሁበት ብያለሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የጋራዡን በር ስከፍት አቶ ተክለጻድቅ ሳይጠብቁ ወደ መንገዱ ሲገቡ አየሁ። ሳኒ ደግሞ ከመጋገሪያው መታጠፊያ ብቅ አለ። ፍጥነቱ የዘወትሩ ነበር። “ጋሽ ተክሌ!” ብዬ ጮኽሁ። እሳቸውም ድምፄን ሰምተው ፊታቸውን ወደኔ አዞሩና ምን ልላቸው እንደሆነ ለመስማት መሐል መንገድ ላይ ቆሙ። ባልጮህ ኖሮ ይሻገሩ ነበር ወይ የሚለውን አላውቅም፤ ከሐሙስ ጀምሮ የማስበው ግን ይህንኑ ነው። የሳኒ ግራ አውራ ጣት የክላክሱን ቁልፍ ሲጫን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ነው የተጫነው። አልጮኸም። መሪውን ቢጠመዝዝም የዳቦ ሣጥኑ ዳሌያቸውን መታቸው፤ ሁለቱም ወደቁ።

ሮጬ ደርሼ ቀና አደረግኋቸው። “ምንድን ነው የገጨኝ?” አሉ። የሳኒ ሞተር ነው አልኋቸው። “ማርሚታው በቃ አያፈስም ማለት ነው” አሉ። በታክሲ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ግራ ጭናቸው ተሰብሯል።

የትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ ሳኒ ክላክሱን እንደነካውና እንዳልጮኸ ተናገረ። ፖሊሱ ወደኔ ዞሮ፣ “መካኒኩ አንተ ነህ? ክላክሱ ይሠራል?” አለኝ። “ይሠራል” አልሁ። በዚያ ሰዓትም ረስቼው ነበር ብል ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ነገር ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሽቦው ከሰርባቶዮው ሥር እንዳለ ታይቶኛል። በልቤም ክላክሱ ራሱ ደህና ነው፣ ሽቦው ብቻ ነው፣ ስለዚህ አልዋሸሁም አልሁ። ሳኒ አየኝ። ከዚያም ለፖሊሱ፣ “ጋሽ ቸሩ ይሠራል ካለ ይሠራል። ሳልነካው ቀርቼ ይሆናል” አለ። በዚህም ተይዞ ሄደ። የፊት መብራቱ ተሰባብሮ ስለነበር ክላክሱ በኋላ ሲሞከር ሳይጮህ ቢቀር የግጭቱ ጉዳት ነው ተብሎ እንደታለፈ ዛሬ ከመርማሪው ሰምቻለሁ።

ዓርብ ጠዋት አሊማ ልጇን አዝላ ጋራዥ መጣች። አልተቆጣችም። “ጋሽ ቸሩ፣ ስንቅ ሳደርስለት አውራ ጣቱን ያያል። ነክቼዋለሁ ይላል፤ መልሶ ደግሞ አልነካሁትም መሰለኝ፣ ሰውየውን እኔው ነኝ የሰበርኋቸው ይላል። እርስዎ እዚያው ነበሩ፤ ነክቶታል?” አለችኝ። እኔ መፍቻ አንስቼ ወደ ሥራዬ ዞርሁ። ልጁ ተኝቶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄጄ የሽቦውን ነገር ለአቶ ተክለጻድቅ ነገርኋቸው። እንደ ድሮ ሥራቸው አድርገው፣ “የተሳሳተ ቁጥር ነው የደወልኸው። እኔን ምን ታደርገኛለህ? ፖሊስ ጣቢያ ደውል” አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስለዚህ ክላክሱ ሐሙስ ዕለት አይሠራም ነበር፤ እንዳይሠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሳኒ ክላክሱን ተጭኗል። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ክላክሱን መጫኑ ለሳኒ ዛሬውኑ በፖሊስ አፍ ይነገረው። እኔ ብነግረው አያምነኝ ይሆናል። ወይም እንደ ሐሙሱ ያምነኛል፤ እሱ ይብስብኛል።

ይህ ቃል በግራ ጆሮዬ በኩል ጮክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ተነቦልኛል። ሐሙስ ከተናገርሁት ከዚያ ከአንዱ ቃል በቀር ስለዚህ ነገር የተናገርሁት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቸሩ አበጀ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ እስክንድር ሙሉአለም

የመርማሪው ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ ሞተር ብስክሌቱ በጣቢያው ግቢ ምስክሩ ባለበት ተፈትሿል። ሽቦው ከተባለው ቦታ ሳይበጠስ ተገኝቷል። ሞተሩ ሲነሳ በረንዳ ላይ ከነበሩት ሰዎች ድምፁን ሰምቶ ዞሮ ያየ አልነበረም። ምስክሩ ሽቦውን ልሰር ብሎ ጠይቋል፤ ማስረጃ በመሆኑ አልተፈቀደለትም።