ፀሐይ ያልገደለችው አረም

ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፤ ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ እግራቸው ዕረፍት ያላወቀውን ሴት ታሪክ ቆመን ብንሰማ ለእርሳቸው የሚስማማ ይመስለናል።

ወይዘሮ ሉዋን ሱሊየን በእንስሳት ስም በሚቆጠረው ዘመን በውሻው ዓመት መጸው፣ በቻይና፣ በሻንዶንግ፣ በዚችው የወንዝ ዳር መንደር፣ ከአባታቸው ከሉዋን ዮንግፉና ከእናታቸው ከቹ ሺዩ ተወለዱ። በትምህርታቸው ከመንደሩ ልጆች ሁሉ የላቁ ስለነበሩ መምህራቸው ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና አዘጋጇቸው። በዚያ በረሃቡ ዘመን ግን፣ በፈተናው ዕለት ማለዳ፣ ታናሽ እህታቸው ሱቺን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት ዓይኗ ሲገለበጥ ባዩ ጊዜ፣ እርሳሳቸውን ጥለው ወደ መስክ ሮጡ፤ ረሃብተኛው ነቅሎ በጨረሰው ሜዳ፣ የፈረስ ጥርስ የሚባለውን፣ ግንዱ ቀይ ቅጠሉ ወፍራም የሆነውን አረም ፍለጋ እስከ ቀትር ዞሩ፤ ቀቅለውም ከነጭ ሽንኩርት ጋር አምስት ቀን መገቧት። ልጅቱ ዳነች። ፈተናው አመለጣቸው፤ ሁለተኛ ዕድልም አልተሰጣቸውም። ከዓመታት በኋላ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ሩቅ ከተማ መጻሕፍት ስታገላብጥ ያረጀችው ሱቺን ናት።

ወይዘሮ ሱሊየን በማኅበር እርሻ፣ ኋላም በፖም ተክል ሠርተው፣ ጋሪ ነጂውን አቶ ቶንግ ዣንኩይን አግብተው፣ ሩይሺያን የተባለች አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ምሳቸውን እንኳ ሳህን ይዘው ግቢውን እየዞሩ ይበሉ ስለነበር፣ ባለቤታቸው «አንቺ ሴትዮ፣ የሬሳ ሣጥንሽን በገመድ ካላሰርነው ተነሥተሽ ትሄጃለሽ!» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም «አንተ ደግሞ ቋጠሮ መች ታውቅና!» ይሉ ነበር።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በእናታቸው ቀብር ላይ፣ ሱቺንን «በአረም ያዳንኩሽ ልጅ እንግዳ ሆነሽ መጣሽ?» ቢሏት፣ «ማን ለመነሽ? ትተሽኝ አትፈተኚም ነበር?» ብላ በሰው ፊት መለሰችላቸውና በዚያው ቀን ሄደች። እርሳቸው ግን በየክረምቱ፣ ለአዲስ ዓመት ማለዳ የሚበላውን የረጅም ዕድሜ ዳቦ እንድትሞላበት፣ የደረቀ የፈረስ ጥርስ በፖስታ መላካቸውን አላቋረጡም። ሱቺን በየዓመቱ በላች፤ አንድ መስመር አልጻፈችም።

ባለፈው በጋ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ ተገኘባቸው። እንደ ልማዳቸው አረሙን ለቅመው ሰሌን ላይ አሰጡት፤ ሕመሙ አናውዟቸው ግን አስቀድመው በፈላ ውሃ ለብለብ ማድረጉን ረሱ። ለብለብ ያላሉትን የፈረስ ጥርስ ፀሐይ አትገድለውም፤ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሰሌኑ ላይ እንዳለ አበበ።

«እማ፣ ውሃ ላፍላለት፤ እንዲህማ አይደርቅም» አለች ሩይሺያን።

«ተዪው። ዘንድሮ አልልክም። መጥታ ትውሰድ ብለሽ ጻፊላት። አረሙ ይጠብቃታል፤ እኔን እንጃ።»

ደብዳቤው ደረሰ። ሱቺን አሥራ አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ ስትዞረው ሰነበተች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባቡር ስትሳፈር፣ ወይዘሮ ሱሊየን ከአልጋቸው ተነሥተው፣ እስከ ግቢው በር ተራምደው፣ የበሩን መቃን እንደያዙ ዐረፉ።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ከኋላቸው ልጃቸው ሩይሺያን፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንድ ሰሌን ሙሉ ያልሞተ አረም፣ እንዲሁም ዘግይታ የደረሰች አንዲት እህት ቀርተዋል። ለነፍሳቸው ዕረፍትን እንለምናለን፤ ዕረፍቱ ከከበዳቸው ደግሞ መንገዳቸው ይቅና። ሣጥናቸውን በገመድ አላሰርነውም።