ለጆሮ ሲባል የተዘጋ በር

ሰው የመጣበትን ጉዳይ ሲረሳ ማንን ይጠይቃል? ጋሽ ጆሮ የመለዋወጫ ሱቁ ባንኮኒ ፊት ቆመው፣ ባለሱቁ «ምን ልስጥዎት?» ቢላቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከቤት ሲወጡ ያውቁት ነበር። መንገዱን ሲሻገሩም ያውቁት ነበር። አሁን ግን ጥፍት! መደርደሪያውን በዓይናቸው ቢያስሱ ካንዴላው፣ ቺንጋው፣ የዘይቱ ጣሳ ሁሉ «እኔ አይደለሁም» የሚላቸው መሰላቸው።

«ቆይ እስቲ... መጣልኝ... ኤጭ!» አሉና ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

ባለሱቁ ጨዋ ነውና እንዳላየ ሆኖ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ጨዋነቱ ደግሞ ይበልጥ አሳመማቸው።

ስለ እኚህ ሰው ጥቂት ልንገራችሁ። ጋሽ ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሞተር ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ቤንዚን በዝቶበት እንደሆነ ወይም አንሶበት እንደሆነ ይናገራሉ። ከዚያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር በካቻቢቴ ነካ ያደርጉታል፤ ሞተሩም ሰጥ ለጥ ይላል። ለማዳመጥ ታዲያ ጸጥታ ያስፈልጋል። ጋራዣቸው ደግሞ አውቶቡስና ጡሩምባ የማያርፉበት ጎዳና ዳር ስለሆነ፣ ትልቁን የቆርቆሮ በር ጥርቅም አድርገው ዘግተው ነው የሚያዳምጡት። ልማዱ ከእሳቸው ጋር አብሮ ያረጀ ነው።

ሰሞኑን ግን ጭንቅላታቸው ከዳቸው። ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ቁልፍ ይፈልጋሉ። የአንዱን መኪና ካንዴላ ለሌላው ገጥመው ደንበኛ ፊት ያፍራሉ። ራሳቸውን ይወቅራቸዋል፤ ምድሩ ይዞርባቸዋል። «እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ አእምሮዬ አልቋል» ብለው በራሳቸው ላይ ፈረዱ። ነጋዴው ታላቅ ልጃቸው ጋራዡን የወንበርና የጠረጴዛ መሸጫ ሊያደርገው ከጠየቀ ሰነባብቷል። ቅዳሜ ሲመጣ ቁልፉን ሊያስረክቡት፣ ለማንም ሳይተነፍሱ ቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ የት እንደሚውሉ፣ ምን ሠርተው እንደሚመሹ ሲያስቡት ግን ሆድ ይብሳቸዋል።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት?»

ከባንኮኒው ዞር ቢሉ የእህታቸው ልጅ ናት። ቴክኒክ ኮሌጅ ጨርሳ የመኪና ምርመራ ሥራ ከያዘች ወዲህ «መሐንዲሷ» እያሉ ይቀልዱባታል። በእጇ ትንሽ ካርቶን ይዛለች።

«ምን ሊገዙ መጥተው ነው?»

«እኔማ እንዲያው ሰላም ልል ነው» ብለው ዋሹ። «ያንቺ ደግሞ ምንድን ነው? ሽቶ ነው?»

«ሽቶስ አይደለም፤ ማሽተቱን ግን ያሸታል» ብላ ሳቀች። «የኦክስጅን መለኪያ ነው ጋሼ። ጫፉ የጭስ ቱቦው ላይ ይገባል፤ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል። ይቺ ሳጥን ደግሞ ያንን ወደ ቁጥር ትመነዝረዋለች። ነዳጁና አየሩ ምን ያህል እንደተመጣጠኑ ቁጭ ብለው ከመሪው ፊት ያለው ክሩስኮት ላይ ያነባሉ።»

«እኔ ዕድሜ ልኬን በጆሮዬ የሰማሁትን?»

«አዎን፣ እሱኑ።»

«በይ ለደንቆሮ ስጪው!»

«አይቆጡ ጋሼ። አሮጊቷ ሰሞኑን ጥቁር ጭስ ትተፋለች ብላ እናቴ ነግራኝ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

አሮጊቷ ያለቻት የጋሽ ጆሮን የገዛ መኪና ነው። ይህች ንግግር ልባቸው ላይ ወጋቻቸው። አሮጊቷን ደጋግመው አስተካክለዋታል፤ ባስተካከሏት ቁጥር ትብስባቸዋለች። መሣሪያው ጆሯቸው እንደሞተ ቢያረጋግጥስ? ወዲያው ደግሞ «ቅዳሜ ለሚያልቅ ነገር ከልጅ ጋር ምን አጨቃጨቀኝ» አሉና እሺ አሏት።

በማግስቱ ስትመጣ በሩን ዘግተው ለጥገና የመጣን የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ሞተር ያዳምጣሉ። እሷ ትልቁ በር ላይ ባለችው ትንሽ መግቢያ ሾልካ ገባችና ሳል አላት።

«ጋሼ፣ ትልቁን በር ብንከፍተውስ?»

«ሞተሩን ልስማ ወይስ የአውቶቡሱን ጡሩምባ?»

ካርቶኗን ከፍታ መሣሪያውን ማውጣት ጀመረች። አንባቢ ሆይ፣ ታላቅን ማክበር የተመሰገነ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ተጠይቆ አንድ ጊዜ ሲከለከል የሚቀር እውነት፣ አክብሮት ሳይሆን ፍርሃት ነው የሚባለው። ልጅቷ ምን እንደምትል ታውቅ ነበር፤ አላለችም፤ ጥቂት ቆይቶ ራሷም ከፈለችበት።

የአሮጊቷን የጭስ ቱቦ ፈተው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት።

«ከታች በኩል እንብሳው» አሉ ጋሽ ጆሮ። «አይታይም። ደንበኛ ቢያየው ‹ጋሽ ጆሮ መሣሪያ ተከራየ› ይለኛል።»

«ከታችስ አይሆንም ጋሼ። ሞተሩ ገና ሲነሳ ቱቦው ውስጥ ውሃ ያቋጥራል፤ ውሃው ደግሞ ወደ ታች ነው የሚተኛው። የዚህ ጫፍ ውስጡ ሸክላ ነው። እሳት ሆኖ ሳለ ውሃ ቢነካው ይሰነጠቃል። ከላይ በኩል ዘንበል ብሎ ይግባ፤ ቱቦዎቹ ተገናኝተው አንድ ከሚሆኑበት ዝቅ ብሎ።»

«ለምን ዝቅ ብሎ?»

«የአንዱን ሲሊንደር ብቻ ቀምሶ በሌሎቹ ላይ እንዳይፈርድ።»

ይህቺ አባባል ደስ አለቻቸው። ቱቦውን በስተው፣ የብየዳ መነጽራቸውን አድርገው ጫፉ የሚገባበትን የብረት ማቀፊያ በየዱት። ብየዳው እንደ ልብስ ስፌት የተስተካከለ ነበር። እጃቸውስ አልከዳቸውም፤ የከዳቸው ሐሳባቸው ነው።

ሽቦው ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ተደበላለቀባቸው።

«ቀዩን ከሬዲዮው ሽቦ ጋር ጠምዝዤ በናስትሮ ልሰረው፣ አለቀ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ጫፉን የሚያግልበት ማሞቂያ አለው፤ ብዙ ኃይል ይስባል። የራሱን ፊውዝ ይዞ፣ የሞተሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ይምጣ። ጥቁሩ፣ ኔጋቲቩ፣ ደግሞ እዚያ ሞተሩ ላይ፣ ዝገቱ ተፍቆ ይታሰር። ቀለም ላይ ካሰሩት ቁጥሩ ይዋሻል።»

«ቁጥርም ይዋሻል?»

«ኔጋቲቩ ከላላ ይዋሻል።»

«እንግዲያ ከሰው በምን ተሻለ?»

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ እጃቸው ላይ ያለውን ሽቦ ተመለከቱና ግራ ገባቸው። «ቀዩ... የቱ ጋ ነበር ያልሽኝ?» ነገረቻቸው። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ጠየቁ። ደግማ ነገረቻቸው። ሦስተኛ ሊጠይቁ ሲሉ አፈሩና ሽቦውን አስቀምጠው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡ። ከጎናቸው የዳቦ ቤቱ መኪና ዱግ ዱግ ይላል፤ አላጠፉትም። እንዳላጠፉትም ረስተዋል።

ሳጥኗን ከሙቀት ርቃ እንድትቀመጥ ክሩስኮቱ ሥር ካሰሯት በኋላ ልጅቷ ጫፉን አነሳች።

«ከመግጠማችን በፊት ንጹህ አየር ይቅመስ። ንጹህ አየር ምን እንደሚመስል ካላወቀ ጭሱን በምን ይመዝነዋል? የሳጥኗ መብራት ሳትርገበገብ ከቆመች ቀምሷል ማለት ነው።»

ጫፉን በገመዱ አንጠልጥላ የአሮጊቷን ቁልፍ አዞረች። መብራቷ ተርገበገበች። ጠበቁ። አሁንም ትርገበገባለች። ቁጥሩ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል።

ልጅቷ ፊውዙን አየች። ኔጋቲቩን ፈትታ አሰረች። መመሪያውን አነበበች፤ ያንኑ መስመር መልሳ አነበበች። ግንባሯን ማሸት ጀመረች።

«አየሽ» አሉ ጋሽ ጆሮ፣ ነገሩ እያሳዘናቸውም እያሳቃቸውም። «ያንቺም መሣሪያ እንደኔ አእምሮው ዞሯል።»

ልጅቷ እጇ ላይ ያለውን ሽቦ አፍጥጣ እያየች፣ ምላሷ ከበድ ብሎ፣

«ጋሼ... ቀዩ የቱ ጋ ነበር ያልኩዎት?» አለች።

ጋሽ ጆሮ ሰሙ። ስንት ሞተር ሲንተባተብ የሰማው ጆሮ ይህንንም ሰማው። የገዛ ጥያቄያቸው ነው፤ ያውም በወጣት አፍ።

«አንቺም አረጀሽ እንዴ?» አሉ ሊቀልዱ። ቀልዱ ግን አፋቸው ላይ ደረቀ። ልጅቷ ቀና ብላ የዳቦ ቤቱን መኪና አየች፤ በሩን አየች፤ እሳቸውን አየች።

«ጋሼ ይውጡ! አሁኑኑ ይውጡ!»

ሮጣ ሞተሩን አጠፋች። በሩን እየተንገዳገዱ አብረው ገፉት፤ ደጅ ወጥተውም ግድግዳ ተደግፈው ተነፈሱ። እግራቸው ሲጸና አሮጊቷን እየገፉ አወጧት፤ ጫፉም በገመዱ ተንጠልጥሎ ተከተላቸው። ቁልፉ እንደገና ሲዞር መብራቷ አንድ ሁለቴ ብልጭ አለችና ቀጥ ብላ ቆመች።

ጋሽ ጆሮ መብራቷን አዩ፤ ባዶውን ጋራዥ አዩ። ነገሩ ገና አልገባቸውም።

«ሽቦው ልክ ነበር ማለት ነው?»

«ሽቦው ልክ ነበር። አየሩ ነው ልክ ያልነበረው። ንጹህ አየር ቅመስ አልነው፤ ውስጥ ንጹህ አየር ከየት ያምጣ?»

«እኔ ግን ስንት ዘመን ዘግቼ ሠርቻለሁ! እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?»

«በሩን ነው ወይስ ሌላም የዘጉት ነገር አለ?»

ጋሽ ጆሮ አሰቡ። ከደጃፋቸው አዲስ የአውቶቡስ ማቆሚያ ከተከፈተ ወዲህ ጫጫታው ስለበዛ፣ ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ሁሉ በጆንያ ወትፈውታል። ራሳቸውን መውቀር የጀመራቸውም... እነሆ፣ አሁን ሲያስቡት፣ ከዚያ ወዲህ ነው።

«እሁድ እሁድስ እንዴት ነዎት?» አለቻቸው።

«እሁድማ ደህና ነኝ። እሁድ እኮ ቤት ነው የምው...»

አልጨረሱትም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከጭሱ የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ ሰውን ያደናግራል፤ ከዚያ ወዲያ ያስተኛል፤ የተኛም አይነሳም። አእምሮዎ አላለቀም። አየር ነው ያጣው።»

ጋሽ ጆሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አለቀሱ። ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው በራሳቸው ላይ የፈረዱትን ፍርድ አሰቡ። «እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቁልፉን ልሰጥ ነበር» አሉ በሹክሹክታ፤ እስከዚያች ሰዓት ለሚስታቸውም ያልነገሩትን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ ጋሼ? ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ጋሽ ጆሮ እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «የሌላውን ሁሉ ሰማሁ፤ የራሴን አልሰማሁም።»

ልጅቷ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የሁለቱንም ደም መርምሮ ያለችውን አጸናው፤ ኦክስጅን ሰጣቸው፤ ለጋሽ ጆሮም ዕረፍት አዘዘላቸው። ደግሞም ተቆጣቸው። ቁጣው ተገቢ ነበር።

ራሳቸው ቀለል ሲላቸው ሥራውን ደጅ ጨረሱት። ቱቦው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጫፉ ተገጠመ፤ አሮጊቷ ተነሳች፤ ክሩስኮቱ ላይ አሥራ አንድ የሚል ቁጥር ወጣ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ለአንድ ኪሎ ቤንዚን አሥራ አንድ ኪሎ አየር ብቻ ነው የምትስበው። አሥራ አራት ተኩል አካባቢ መሆን ነበረበት። ከመጠን በላይ እያጎረሷት ነው።»

«በዞረ ራስ ያስተካከልኩት ነዋ!» አሉና ካቻቢቴያቸውን ያዙ። ልክ በዚያን ጊዜ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ደረሱ፤ ጡሩምባ፣ የረዳት ጩኸት፣ የሰው ግርግር። ጋሽ ጆሮ ከሞተሩ አንዳች ድምፅ አልሰሙም። ዓይናቸውን ቁጥሩ ላይ ተክለው በቀስታ አዞሩ። አሥራ ሁለት ሆነ፤ አሥራ ሦስት አለፈ። አሥራ አራት ተኩል ላይ እጃቸውን አነሱ። ጥቁሩ ጭስ ጠፋ። አውቶቡሶቹ ሄደው ጸጥ ሲል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«ልክ ነው» አሉ። «ያ ሁሉ ጫጫታ እያለ፣ ልክ ነው!»

«አዩ ጋሼ? ጆሮዎን ማን ናቀው? ጆሮ ግን ጸጥታ ይፈልጋል፤ ጸጥታ የተዘጋ በር ይፈልጋል፤ የተዘጋ በር ሰው ይገድላል። ይሄኛው በሩ ተከፍቶም ይሠራል።»

«ተረታሁ። ደግሞስ ባልረታ ኖሮ የት እገኝ ነበር?» አሉ።

እንግዲህ አንባቢዬ ትርፉን አንተው መዝነው። አሮጊቷ ቤንዚን መፍጀቷን ተወች፤ ካንዴላዋ ጥላሸት መልበሱ ቀረ። ከደጃፉ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ጥቁር ጭስ ከመጠጣት ዳነ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ትልቁ ትርፍ ግን ሌላ ነው። ስንቱ ሰው «አረጀሁ፣ ደከምኩ፣ ተረገምኩ» እያለ ዕድሉን ያማርራል፤ ተነስቶ መስኮት ቢከፍት በዳነ ነበር! የቆየ ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም። ለምን እንደተጀመረ፣ ዛሬም ይጠቅም እንደሆነ የማይጠየቅ ልማድ ግን ባለቤቱን ይዞ ይሞታል።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣ። «አባዬ፣ ቁልፉን ልውሰድ?» አላቸው።

«ውሰደው» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። «በሩን ካገኘኸው ቆልፍበት።»

ልጁ ዞሮ አየ። ሁለቱም የቆርቆሮ መዝጊያዎች ከማጠፊያቸው ተነቅለው ከግድግዳው ውጭ ተጋድመዋል፤ በቦታቸው የሽቦ ፍርግርግ ገብቷል። ጋራዡ ውስጥ ነፋስ ይመላለሳል። አባቱ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ልጁም ስለ ወንበርና ጠረጴዛው ደግሞ አላነሳም።

ሰንበትበት ብለው ጋሽ ጆሮ ወደ መለዋወጫ ሱቁ ጎራ አሉ። ካንዴላ ብለው ካንዴላ ገዙ። ሊወጡ ሲሉ ባለሱቁ ፈገግ አለና፣

«ጋሽ ጆሮ፣ ያን ጊዜ የረሱት ነገርስ ትዝ አለዎት?» አላቸው።

ጋሽ ጆሮ መደርደሪያውን ቀና ብለው አዩ። ላይኛው እርከን ላይ ጥቁር ጎማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ በበር ሥር ለሚቀር ቀዳዳ መድፈኛ የሚሆን። ያቺ ቀዳዳ ብቻ ነበረች ሳትደፈን የቀረቻቸው።

«ትዝ አለኝ» አሉ። «እንኳን ረሳሁት።»