የአዲሱ ቤት ጥላ

ና ወንድማገኝ፣ እዚህ እንቀመጥ። ከባንኮኒው አጠገብ ነፋስ ያለ ይመስላል። ሙቀቱ ዛሬስ ብሶበታል። በጥቅምት እንዲህ ካደረገ በመጋቢት ምን ሊውጠን ነው?

ሰሊጣችሁ ገባ? እሰይ። ዝናብ ሳያገኘው መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። መጋዘን ጆንያው አፉን ከፍቶ ተቆልሏል አሉኝ። ሁለት ሳምንት ስቀር የሚሰፋው ሰው ጠፋ መሰል። ሰኞ እገባለሁ። እጄም ሥራ ፈትቶ ደከመው።

ከቤት ያወጣኸኝ ጥሩ አደረግህ። ባለቤቴ አሰበችም ሂድ አለችኝ። «ሰው ሁሉ አዲሱን ቤት ያመሰግናል፤ አይተህ ንገረኝ» አለች። እሷ እንኳ ገና አልወጣችም... ይኸው እያየሁላት ነው።

ቤቱማ ቤት ነው! ሐሚዳ ፉሉን ቀምሳ «ድንበር ማዶ ተሻግሬም እንዲህ ያለ አልበላሁ» ብላለች። ሐሚዳ ደግሞ ፉል ስትቀቅል ያደገች ሴት ናት፣ በቀላሉ አታመሰግንም። የኮኪት ሾፌሮች መኪናቸውን አስፋልቱ ዳር ደርድረው ጥብሱን ሲያወድሱ ይውላሉ። ድራፍቱም ጥርስ ያማል፣ ቅዝቃዜው። ከአብደራፊ የመጡት የትራክተር ልጆች ግን ስለ ምግቡ ምንም አልተናገሩም አሉ። «እንዲህ ያለ ጥላ ጎንደርም የለ» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። እዚህ አገር ጥብስ ማን ያጣል? የሚታጣው ጥላ ነው።

እስቲ ቀና ብለህ እየው። ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰው። ሌላው ሰው ቤት ሲከፍት ቆርቆሮ ሲያፈላልግ ይከርማል። የዚህ ቤት ጌታ ግን ብልህ ናቸው። በእጃቸው ያለውን ያውቃሉ። በእጃቸው ያለውን... በአደራ ያለውንም።

እግሬን ምን አድርጎህ ነው የምትረግጠው? ይስሙ እንጂ! ምስጋና በሹክሹክታ ይነገራል? ደግሞ መች እየሰሙ ነው፤ ባንኮኒው ጋ ቆመው ያችን አንዲት ብርጭቆ ሲወለውሉ ይኸው ሦስተኛ ጊዜያቸው። ንጽሕና እንዴት ይወዳሉ!

ወንበሩንስ አየኸው? ነጭ ጨርቅ አልብሰው፣ ከኋላ በቀይ ጥብጣብ አስረው፣ ሙሽራ አስመስለውታል። እኔ ባለጌ ነኝና ጨርቁን ገለጥ አደረግሁት። በአረንጓዴ ቀለም «32» ይላል። ያንተንም ገለጥ አድርገህ እየው... አትፈልግም? ይቅር። ቁጥር ያለው ወንበር ጥሩ ነው፤ አይጠፋም። ሰባ ነው ያለን... ያላቸው ማለቴ ነው። አፌ ይስታል፣ እንቅልፍ የለኝምና። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ቤት ሳያዩ ነው። ይኸው አደመቀ አይደል?

እድራችን የዚህን ቤት ጌታ ንብረት ያዥ አድርጎ ሲመርጣቸው እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን አስረክበን ቁልፉን ሰጠናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የኛ ድር አንበሳ ባያስርም፣ አብሮ ሬስቶራንት ከፈተ። ይህ ቀላል ነገር ነው?

ልጄን ስርጉቴን ወባ በሁለት ቀን ነጠቀኝ። ሐሙስ ቀበርናት። ድንኳኑን ልታመጣ የሄድከው አንተ ነህ። ምን ነበር ያሉህ? «ተቀዶ ሊሰፋ ጎንደር ሄዷል።» እኔም አመንሁ። ሐዘንተኛ ምን አቅም አለው? የነገሩትን ያምናል። ሌላም ብለውህ ነበር። አንተ ደበቅኸኝ እንጂ አጠገብህ የቆመ ሰው ነግሮኛል። አትፈር፣ ለኔ ብለህ ነው። «ደግሞስ ለሕፃን ሰው ብዙ አይመጣም» ነው ያሉት አይደል? የልምድ ንግግር ነው። ስንት ቀብር ያዩ ሰው ናቸው!

ደግሞም ብዙ ሰው አልመጣም። የመጋዘኑ ሠራተኛ ነቅሎ መጣ፣ የአሰበች ዘመዶች ከኮኪት መጡ፣ ለአጨዳ የወረዱት የጎጃም ልጆች እንኳ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ መጥተው ፀሐይ ላይ ቁጭ አሉ። ያው ጥቂት ሰው ነው። አንዷ አሮጊት ራሷን እስክትስት ድረስ ጠበቅን። ኋላ ሷሊህ ነጋዴው፣ እድራችን ውስጥ የሌለው፣ ሃይማኖቱም ሌላ የሆነው ሰው፣ ያይሱዙውን ሸራ ከነሽንኩርት ሽታው ፈትቶ አምጥቶ ከኒሙ ዛፍ ጋር ወጠረልን። ከዚያ ሥር ሆነን አለቀስን። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ከቅርብ እድርተኛስ ማን ይሻላል? አባቶቻችን እሱን ሳይነግሩን ነው የሞቱት።

ቅዳሜ ሠልስቷ ነበር። ቅዳሜ ይህ ቤት ተመረቀ። ሞንታርቦው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ የድምፁ ጥራት! አሰበች አንገቷን ከደፋችበት ቀና አድርጋ «ሰርግ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰርግ ነው አልኋት። ሌላ ምን ልበላት?

አሁን ወደዚያ ጥግ እይ፣ ከሦስተኛው ቋሚ በላይ። ሰማያዊ ክር ይታይሃል? የጆንያ ክር ነው። አምና ክረምት ነፋስ ሲቀደው ግቢዬ ውስጥ ዘርግቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። መሐል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ጎበጥ ይላል፤ አየኸው? ጠማማ ሰፊ ሆኜ አይደለም። ስርጉት እዚያ ሸራው ላይ ተኝታ ነበር። ሁለት ዓመቷ ነበር። እንዳትነቃብኝ ብዬ ዙሪያዋን ሰፋሁ።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል። ለሰፊውስ? ሊሰፋ ሄዷል ብለው ነገሩት።

ግን ጎንደር እንዴት ፈጣን ሆኗል በል! ሐሙስ የለም የተባለ ድንኳን ቅዳሜ ተሰፍቶ ደረሰ። ሰፊዎቹም ጨዋዎች ናቸው፣ የኔን ክር እንኳ አልነኩትም። ደግሞ አዘረጋጉ! እንደ ድንኳን አልተከሉት፤ እንደ ጣሪያ ጠፍጥፈው ወጠሩት፤ የእድሩ ስም ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርገው። ሰማይ ብቻ ነው የሚያነበው። እዚያ ደግሞ ማን ያነባል ብለው ይሆናል... የኔዋም እንደሆነች ፊደል ሳትቆጥር ነው የሄደችው።

እሁድ እድሩ ይሰበሰባል፣ ንብረት ያዥ ይመረጣል። እኔ የምጠቁመው እሳቸውን ነው። ማን አለ እንደሳቸው? ሌላው ቆልፎበት አይጥ ያስበላዋል፤ እሳቸው አየር አስመቱት። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ስብሰባው እዚሁ ይሁን። ሰዉ ሁሉ ከዚህ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ የተቀመጠበትን ጨርቅ ገለጥ ያድርግ፤ ቀና ብሎ ያን ጥግ ይይ፤ ከዚያ እጁን ያውጣ። ምስክርነቱን እኔ እሰጣለሁ። ምን ይላሉ መሰለህ... አይከለክሉንም። ለሰው ጥላ የሚነፍጉ ሰው አይደሉም።

አልበላህም እኮ። እኔም አልበላሁም። ጥፋቱ የጥብሱ አይደለም፣ ጥብሱ ጥሩ ነው። ለአሰበች ምን ብዬ ልንገራት? ጥላው ቀዝቃዛ ነው እላታለሁ። ስፌቱ አልለቀቀም እላታለሁ። ይበቃታል።

ይኸው ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት መጡ። ትንሿን አየሃት? ከስርጉቴ አንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። እንዴት እንደምትሮጥ! «አባዬ» ስትል ብርጭቆዋን አስቀመጡ፤ በመጨረሻ።

በል ተነሥ። ሳይመርቁ ከሰው ቤት መውጣት ነውር ነው። አንተ አሜን በልልኝ፣ ጮክ ብለህ፣ እዚያ ድረስ እንዲሰማ።

ቤታቸውን የበረከት ቤት ያድርግላቸው። ገበታቸው አይጉደል። ጥላቸው አይታጠፍ። ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃላቸው። ያችንም ትንሿን፣ እሷን በተለይ። እሳቸውም ዕድሜ ጠግበው፣ ጥርሳቸው አልቆ፣ በልጆቻቸው እጅ ይቀበሩ... ለሕፃን ስንት ሰው እንደሚመጣ በገዛ ደጃቸው ሳይቆጥሩ።