የገዛ ቤቱን ያንኳኳ ልጅ

ከቆሰበር ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት እናት ከጎኗ ለተቀመጡ አሮጊት ታወራለች።

«መድረሳ አስተማሪያቸው ኡስታዙ ልጆቹን ‹ሰው ቤት ስትሄዱ ሦስቴ ፈቃድ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ተመለሱ› ብለዋቸዋል፣ እማማ።»

«ደግ ትምህርት ነው።»

«ትናንት አሞኝ እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር። ልጄ የገዛ ቤቱን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ፣ በዚያ ዝናብ ወደ መድረሳው ተመለሰ።»

«ውይ፣ የእናቱን ቤት?»

«ገና አንደኛ ክፍል እኮ ነው። ስነቃ ፍለጋ ወጥቼ መድረሳው ደጃፍ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት።»

«መታሽው?»

«እጄን ሳነሳ ‹ግባ አላልሽኝማ› ብሎ አለቀሰ፤ መምታቱ ቀረ።»

«የኔዎቹ በሩን ገንጥለው ነው የሚገቡ።»

«አባቱ ‹ልጄን ቂል አደረጉብኝ፣ ከመድረሳ ይውጣ› ይላል።»

«አንቺስ?»

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንኳኳ። ‹ማነው?› ስለው፣ ‹እኔ› ማለት አይበቃም ተብለዋል መሰል፣ ‹ሰዒድ አሊ ነኝ፤ እናቴ፣ ልግባ?› አለኝ።»

«የኔ ጌታ።»

«እንቅልፌን እተዋለሁ እንጂ አላስወጣውም፣ እማማ። ለአባቱም ማታ እነግረዋለሁ።»

ዳንግላ እስክንደርስ፣ ብቻዬን የምኖርበትን ቤት ቁልፍ በእጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ።