ቀዳዳ ሲደፍን የኖረው ሰው የበሳው ቂጣ

የተከበራችሁ የምኩራባችን ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ጎሚስታ ቤቱን ዘግታችሁ የመጣችሁ የአያቴ ባልደረቦች፤ በመቃብሩ ዳር ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተናግረዋል። ሦስቱም ስለ ጎማ!

አያቴ፣ አባባ፣ አርባ ዓመት ጎማ ጠገነ። ቀዳዳ ደፈነ። እውነት ነው። ግን አባባ ይኸው ብቻ ነበር? ሌላውን ሥራውን ማን ደበቀው? እኛው ነን!

ትናንት ትልቁ አጎቴ፣ የአባባ የበኩር ልጅ፣ ጠሩኝና "ስለ ምግብ እንዳታነሺ፤ ሰው ይስቅብናል" አሉኝ። ይቅርታ ጋሼ። አነሣለሁ።

ስሙኝ። በዚህ ቤት የፋሲካን ምግብ የሚሠራው አባባ ነበር። ቂጣውን እሱ። ዓሣውን እሱ። ፖም፣ ቴምርና ለውዝ ተወቅጦ በወይን የሚለወሰውን፣ አባቶቻችን በግብፅ ባርነት ያቦኩትን ጭቃ የሚያስታውሰንንም ጣፋጭ እሱ። እናንተስ? ጠግባችሁ ስትነሡ ወደ ሚስቱ፣ ወደ እማማ ዞራችሁ "እጅሽ ይባረክ!" እማማም "አሜን።" አባባ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ጥርሱን ይጎረጉራል።

ወንድ ምድጃ ሥር ታየ ተብሎ ሰማይ ይደፋል? ስትጎርሱ ያልታየ ነውር ዛሬ ከየት መጣ?

ፋሲካ ሲደርስ ሌላው ሰው የቦካ ነገር እንዳይቀር ቤቱን ይጠርጋል። አባባ ጥፍሩን ነበር የሚጠርገው። ሦስት ቀን! በሎሚ፣ በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ፣ የጎማው ጥቁር እስኪለቅ። ከዚያ መጋረጃውን ይዘጋል። በገዛ ቤቱ፣ እንደ ሌባ!

ውሃ ዱቄቱን ከነካበት ጊዜ አንሥቶ ቂጣው በአሥራ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ተጋግሮ ማለቅ አለበት። ካለፈ ሊጡ እንደቦካ ይቆጠራል፤ ይጣላል። እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ አባባ ይዳምጣል። ቂጣው እንዳያብጥ መበሳት አለበት። ያኔ ሹካውን ያነሣና፣ "ዓመቱን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ከርሜ፣ ዛሬስ እበሳለሁ!" ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ለሰው ጎማ አየር ሲሞላ የኖረ ሰው፣ ቂጣ ላይ አየር ሲከለክል! እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ዓምና በአሥረኛው ደቂቃ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። የጋሼን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "ጤናዎስ አባዬ? ጉልበትዎስ? ጎረቤቶችስ? የጎረቤቶችስ ልጆች?" አባባ ዱቄት የነካ እጁን ከኋላው ደብቆ "ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው" ይላል። ሰላምታው ገና የአጎት ልጆች ጋ ሲደርስ አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ገባ። ሊጡ በሙሉ ተጣለ!

"ለምን ሥራ ይዣለሁ አላልካቸውም?" ብዬ ጮኽኩበት።

"ተዪው" አለኝ። "ልጄ ያፍርብኛል።"

ሰማችሁ? በሰባ ስምንት ዓመቱ ልጁን ፈርቶ እጁን ይደብቃል! የሚያሳፍረው የቱ ነው? ዱቄት የነካው እጅ ነው? ወይስ እየበላ ጋጋሪውን የሚክድ አፍ?

ይባስ ብሎ ዛሬ ጠዋት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ጋሼ ስልክ ይዘው ሆቴል የፋሲካ ምግብ ያዛሉ። ፋሲካ እኮ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል! "እናቴ ደክማለች፤ ከእንግዲህ ማብሰል አትችልም" ይላሉ። ከእንግዲህ? መቼ አብስላ ታውቃለች?

ምን አልሽ እማማ? ጮክ በዪ፣ ከኋላ ያሉትም ይስሙሽ። "እኔ እንቁላል ስቀቅል እንኳ ያርርብኛል። አርባ ዓመት የሱን ምርቃት በላሁበት።" በሉ እንግዲህ! ከባለቤቷ አፍ ሰማችሁ። የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅ።

ጋሼ፣ ሆቴሉን ይሰርዙልኝ። ፋሲካን ቤታችን እናከብራለን። ቂጣውን እኔ እጋግራለሁ። እጅጌዎን ሰብስበው ከመጡ ደግሞ አሳይዎታለሁ፤ አይከብድም። ማዕዱ ላይ "ማን አስተማረሽ?" ያለኝን ሁሉ "አያቴ፣ ጎሚስታው" እለዋለሁ።

አባባ፣ ብዙ ሰው ጎማውን አመሰገነልህ። ይህን ግን ማንም በፊትህ አላለህም። እኔም አላልኩህም፤ ዘገየሁ። እንግዲህ አፈር ሳትለብስ ልበልህ።

ደህና ሁን፣ አባባ። እጅህ ይጣፍጥ ነበር።